ራስ ዳሽን 87 ሜትሩን የት አደረሰው?

በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚይዛት አንዲት ቁጥር አለች፤ 4,620። መምህሩ "የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ማን ይባላል?" ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ራስ ዳሽን፣ 4,620 ሜትር!" ብሎ ይመልስ ነበር። የዛሬ ልጆች ስልካቸውን ከፍተው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ግን 4,533 ነው። 4,550 የሚል ጽሑፍም አይጠፋም። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ሁለቱን ቁጥሮች ደብተሯ ላይ ጽፋ ቀነሰችና "አባባ፣ 87 ሜትሩን ማን ወሰደው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ማንም አልወሰደውም። ተራራው ያኔም ዛሬም ያው ተራራ ነው፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። ለ31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ጥያቄዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ምድርን የመለካት ነገር የተራራ ቁመት ብቻ አይደለምና ነው። የአያት የእርሻ ወሰን፣ በኪሳችን የያዝነው ስልክ የሚነግረን ነገር እስከ ምን እንደሚታመን፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ለልጆቻችን ምን እንደምንነግራቸው፣ ይህ ሁሉ ከዚያው የሚመዘዝ ነው።

በጥላና በፈላ ውሃ

ሰው ምድርን መለካት የጀመረው በጥላ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ኤራቶስቴንስ፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአስዋን ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ እንደምትቆምና ብርሃኗ የጉድጓድ ውሃ ድረስ እንደሚወርድ ሰማ። በዚያው ሰዓት በእስክንድርያ ግን የቆመ ነገር ጥላ ይጥላል። የጥላውን ማዕዘን ሲለካው የአንድ ሙሉ ክብ 50ኛ ክፍል ሆኖ አገኘው። እንግዲያውስ ከአስዋን እስከ እስክንድርያ ያለው መንገድ የምድር ዙሪያ 50ኛ ክፍል ነው ብሎ ርቀቱን በ50 አባዛው። ዘዴው ዛሬም ቢሆን እንከን አይወጣለትም። ዛሬ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን እናውቃለን።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 አካባቢ ድረስ ከወንድሙ ጋር በኢትዮጵያ እየተዘዋወረ ከአንዱ ተራራ ጫፍ ወደ ሌላው እያነጣጠረ ማዕዘን ይለካ ነበር። ከዚያም የኢትዮጵያን ምድር ልኬት የያዘ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን የነበሩ ተጓዦች የቦታ ከፍታ ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ ማፍላት ነበር። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ አልበስል እያለ እናቶችን የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። 300 ሜትር ያህል በወጣን ቁጥር መፍያው በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ተጓዡ ቴርሞሜትሩን ሲያነብ በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ቢስት ተራራው በ30 ሜትር ይረዝማል ወይም ያጥራል። የአየሩ ጠባይ ከቀን ቀን ሲለዋወጥ ደግሞ ሌላ ልዩነት ይጨመርበታል። በአንድ ተራራ ላይ የብዙ አሥር ሜትሮች ልዩነት ቢታይ ለምን ይገርመናል?

ከዚያ በኋላ ሥርዓት ያለው ቅየሳ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይ ተፋሰስ ሲጠና፣ አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ የሦስት ማዕዘን ሰንሰለት እየዘረጉ፣ በየተራራው ራስ ምልክት እየተከሉ አገሩን ለኩ። የልኬቱ መነሻ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ፣ በኑቢያ የምትገኝ አዲንዳን የተባለች ቦታ ናት። ለብዙ አሥርት ዓመታት በካርታዎቻችን ላይ የኖሩት ነጥቦች ሁሉ ከእሷ ተነሥተው የተቆጠሩ ናቸው። ይህችን ስም ያዙልኝ፤ ወደ እርሻ ወሰን ስንደርስ ታስፈልገናለች።

መብረቅን ቆጥሮ ርቀት ማወቅ

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ የሚባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች የስፑትኒክን ድምፅ በሬዲዮ አደመጡ። ሳተላይቷ ስትቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፤ ስትርቅ ይወፍራል። መንገድ ዳር ቆመን አውቶቡስ ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፈን የምንሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ ለውጥ ብቻ ተነሥተው ሳተላይቷ የምትሄድበትን መንገድ አሰሉ። አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር ነገሩን ገለበጠው፤ የእኛን ቦታ አውቀን የሳተላይቷን መንገድ ካገኘን፣ የሳተላይቷን መንገድ አውቀን የራሳችንን ቦታ ማግኘት እንችላለን ማለት ነው! ከሰማይ ሆኖ ምድርን የመለካት ሥራ ከዚህ ሐሳብ አደገ።

ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ጂፒኤስ ትንሽ ለየት ይላል። ለልጆች ሳስረዳ በመብረቅ እጀምራለሁ። ብልጭታውን ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንድ እንቆጥራለን፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጂፒኤስም እንዲሁ የመዘግየትን ጊዜ ይቆጥራል። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው የአቶም ሰዓት ተሸክመው "አሁን ይህን ያህል ሰዓት ነው፣ እኔ እዚህ ቦታ ነኝ" እያሉ ያለማቋረጥ ይናገራሉ። ስልካችን መልእክቱ ምን ያህል ዘግይቶ እንደደረሰው ያያል፤ ከመዘግየቱ ርቀቱን ያወጣል። ሦስት ሳተላይቶች ቦታችንን ይነግሩናል። አራተኛው የሚያስፈልገው የስልካችን ሰዓት እንደነሱ ሰዓት ትክክለኛ ስላልሆነ እሱን ለማረም ነው።

ጣጣው የሬዲዮ ሞገድ ፍጥነት ነው። እንደ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ሰዓቱ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳት በምድር ላይ 300 ሜትር ስተናል። በዚህ ላይ ሞገዱ በከባቢ አየር ሲያልፍ ይዘገያል፤ ከሕንፃና ከገደል እየተላተመም ይመጣል። ስለዚህ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ሜዳ እንኳ ተራ ስልክ በአምስት ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። ታክሲ ለመጥራት ይህ ከበቂ በላይ ነው። የእርሻ ወሰን ለመለየት ግን አይበቃም።

ታዲያ ቀያሾች ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚለኩት እንዴት ነው? በገበያ ምሳሌ ላስረዳ። ቂቤ የምንገዛበት ሚዛን እንደሚያሳስት ከጠረጠርን፣ አንድ ኪሎ መሆኑን የምናውቀውን ነገር እናስቀምጥበታለን። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ካለ፣ ከቂቤው ላይም ሁለት መቶውን እንቀንሳለን። ቀያሾችም አንዱን መሣሪያ ቦታው በትክክል በታወቀ ነጥብ ላይ ይተክላሉ፤ ሁለተኛውን ይዘው ወደሚለካው ቦታ ይሄዳሉ። ሰማዩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚያሳስታቸው፣ የታወቀው ነጥብ ስሕተቱን ያጋልጣል፤ ከሌላውም ላይ ይቀነሳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሌሊትና ቀን የሚያደምጥ ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያ አለ።

ከተራራው ሥር ያለው ባሕር

ወደ ራስ ዳሽን እንመለስና፣ "ከባሕር ጠለል በላይ 4,533 ሜትር" ስንል የትኛው ባሕር ማለታችን ነው? ሰሜን ተራሮች ሥር ባሕር የለም። ባለሙያዎች ግን አንድ ባሕር በሐሳባቸው ይሥላሉ፤ የውቅያኖስ ውሃ በየብስ ሥር ቦይ ተቆፍሮለት ቢገባና ቢረጋ የሚቆምበትን ልክ። ይህን የሐሳብ ባሕር ጂኦይድ ይሉታል። የሚያስደንቀው ይህ ባሕር እንደ ሰሐን ውሃ የተስተካከለ አለመሆኑ ነው። የምድር ውስጥ አንዳንድ ቦታ ከባድ፣ አንዳንድ ቦታ ቀላል ስለሆነ የስበት ኃይሏም ይለያያል፤ ውሃውም በዚያው ልክ ይከመራል ወይም ይጎደጉዳል። ከሕንድ በስተደቡብ ያለው ውቅያኖስ ምድር ለስላሳ ብትሆን ኖሮ ሊኖረው ከሚገባው ልክ በ100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተኝቷል።

ምድር ራሷም ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም። ወገቧ ላይ ያለው ሬዲየስ ወደ ዋልታ ካለው በ21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ጂፒኤስ ከፍታን የሚቆጥረው ከዚህ ጠፍጠፍ ካለ ለስላሳ ኳስ ተነሥቶ ነው። የተራራን ከፍታ ከባሕር ጠለል ለመናገር ግን በዚያ ቦታ ያ የማይታየው ባሕር የት ላይ እንደሚያልፍ ማወቅ የግድ ነው።

ይህን ባሕር ለማግኘት ከደከሙት ሰዎች መካከል ለአያቶች ልነግራቸው የምወዳት አንዲት ሴት አለች። ግላዲስ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። ጥቁሮች ተለይተው በሚማሩበት ዘመን በትምህርቷ ልቃ የሒሳብ ሊቅ ሆነች፤ በ1956 ዳልግረን በሚገኘው የባሕር ኃይል ማዕከል ተቀጠረች። የባሕሩን ከፍታ በራዳር የለካችው ሲሳት የምትባል ሳተላይት በ1978 ስትመጥቅ፣ የመረጃው ሥራ ኃላፊ ሆነች። የምድርን ትክክለኛ ቅርጽ በኮምፒውተር ያሰላችበት ሥራ ለጂፒኤስ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። ዶክትሬቷን የተቀበለችው ደግሞ ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ በ70 ዓመቷ ነው። "እኔማ አርጅቻለሁ" የምትሉ ይህችን አትርሷት።

ልጆች የሚወዱት ደግሞ የሌሎች ሁለት ሳተላይቶች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠቁት የግሬስ መንትዮች 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይዞሩ ነበር። ሠራተኞቻቸው "ቶምና ጄሪ" የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። ፊተኛው ከባድ ተራራ ሲደርስ ስበቱ ፈጠን ያደርገውና ከኋለኛው ይርቃል። ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰውን የርቀታቸውን ለውጥ በመለካት የምድር ስበት ካርታ ተሠራ። ከእነሱም በፊት፣ በ1976፣ ላጌዎስ የተባለች 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ 400 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ መጥቃለች። ሞተር የላት፣ ካሜራ የላት፤ ገላዋን የሸፈኑት 426 አንጸባራቂዎች ብቻ ናቸው። ከምድር ሌዘር ይተኮስባታል፤ ብርሃኑ ተመልሶ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። ዛሬም እየዞረች ናት። ከስምንት ሚሊዮን ዓመት በኋላ ወደ ምድር ትመለሳለች ተብሎ ስለሚገመት፣ ያኔ ለሚያገኛት የአህጉሮቻችንን ያለፈና የወደፊት አቀማመጥ የሚያሳይ ሥዕል ውስጧ ተቀምጧል፤ ያዘጋጀው ካርል ሳጋን ነው።

ስልኩና የወሰኑ ድንጋይ

ይህ ሁሉ ሳይንስ ከቤተሰብ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ላሳያችሁ። በሰሜን ሸዋ በአንድ የደጋ ቀበሌ የአክስቴ ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች አጎራባች መሬት ነበራቸው። ታላቅየው ሲያርፍ መሬቱን ሚስቱ ይዛ ቀረች። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው ለፋሲካ በሄደበት ስልኩን ይዞ የእናቱን ማሳ ዳር ዳሩን ዞረው። በስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ 0.68 ሄክታር አለው። አረንጓዴው ደብተር ላይ የተጻፈው ግን 0.75 ነው። አጎቱ ገፍቶ ወስዷል ብሎ ደመደመ። "የሟች ወንድምዎን መሬት እንዴት ያርሳሉ?" አላቸው፤ እሳቸውም "ወሰኑ አባትህ ያስቀመጠው ድንጋይ ነው፤ ልጄ፣ እኔን ሌባ አልከኝ?" ብለው ቀሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ተኳረፉ። በሟቹ ተዝካር ላይ እንኳ አጎትየው ከውጭ ተቀምጠው ጸበል ቀምሰው ሄዱ።

ለሽምግልና ስጠራ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስልኩን ነበር። የሰፈሩን ልጆች ሰበሰብኩና ወሰኑ ላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ስልኩን አስቀምጠው ቁጥሩን እንዲጽፉ አደረግሁ። ጠዋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ማታ፤ አሥር ጊዜ። ከዚያ እያንዳንዱ ቁጥር በሚያሳየው ቦታ ላይ ጠጠር አስቀመጡ። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ጠጠሮቹ ግን ማሳው ላይ ተበትነው፣ በጣም የተራራቁት ሁለቱ መካከል ሰባት እርምጃ ነበር። ወጣቱ ቆሞ ጠጠሮቹን ሲያይ ቆየና "ጋሼ፣ ይኼ ስልክ ድንጋዩንም ገፋው ማለት ነው?" አለኝ።

ሁለተኛው ነገር ደብተሩ ነው። በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው የመሬት ደብተር ሲሰጥ በዚያ ቀበሌ የተለካው በገመድ ነበር። ማሳው ደግሞ ዳገት ነው። ገመድ ዳገቱን ተከትሎ ይተኛል፤ ካርታ ግን መሬቱን የሚያየው ልክ እንደ ወፍ ከላይ ነው። 20 ዲግሪ ያህል በሚያዘነብል ዳገት ላይ 100 ሜትር ገመድ የተዘረጋበት ቦታ ከላይ ሲታይ 94 ሜትር ብቻ ነው። 0.75 ሄክታር በዚህ ስሌት 0.70 ገደማ ይሆናል። የቀረችው ትንሽ ልዩነት የስልኩ መቀባዠር ናት። እዚህም ቢሆን የወሰደ ሰው አልነበረም።

በኋላ ወደ ቀበሌው የሁለተኛ ደረጃ ልኬታ መጣ። ባለሙያዎቹ ከላይ የተነሣና የተስተካከለ ትልቅ ፎቶግራፍ ይዘው ከማሳ ማሳ ዞሩ። ጎረቤቶች በአራቱም ማዕዘን ተጠርተው፣ ባልቴቷ በጣቷ፣ አጎትየው በበትራቸው እያሳዩ መስመሩ ፎቶው ላይ ተሰመረ። ከዚያም ካርታው ለሕዝብ እንዲታይ ተለጠፈ። በአንድ ጥግ ብቻ ክርክር ተነሣ። ቦረቦር የወሰኑን ድንጋይ በልቶት ነበርና ማንም በእርግጠኝነት ሊያሳይ አልቻለም። እዚያ ላይ መሣሪያው ዝም አለ። መስመሩ የት እንዳለ ከተነገረው በሴንቲ ሜትር ያስቀምጠዋል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ያንን ያወቁት፣ ከቦረቦሩ በፊት እዚያ ከብት ይጠብቁ የነበሩ ሁለት አዛውንት ናቸው። በእነሱ ቃል ተስማሙ። በሚቀጥለው ፋሲካ አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ማዕድ ፈሰኩ።

ከዚህ ታሪክ ለወላጆች ሦስት ምክር አወጣለሁ። በስልክ የተለካ ስፋት ይዛችሁ ማንንም ሌባ አትበሉ። ካርታ ያለው ደብተር ስትቀበሉ ባልና ሚስት አብራችሁ ሆናችሁ እዩት፤ የጎረቤቶቻችሁን ስምና የማሳውን ቅርጽ አረጋግጡ፤ ለሕዝብ በሚታይበት ጊዜ ሳትሄዱ አትቅሩ። ሦስተኛው አዲንዳንን የሚመለከት ነው። በድሮ ካርታ ወይም ሰነድ ላይ ያለ ቁጥር ከአዲንዳን ተነሥቶ የተቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ ስልካችሁ ደግሞ የሚቆጥረው ከምድር መካከል ተነሥቶ፣ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሥርዓት ነው። የሁለቱ ልዩነት በአገራችን ከ100 ሜትር በላይ ነው። የድሮውን ቁጥር ስልክ ውስጥ ያስገባ ሰው ራሱን ሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ ባለሙያ ቁጥር ሲሰጣችሁ "በየትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

መሬቱ ራሱ ሲሄድ

ልኬቱ ሲረቅ ሌላ ነገር ታየ፤ መሬቱ አንድ ቦታ አይቀመጥም። የስምጥ ሸለቆአችን ምሥራቁና ምዕራቡ በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ከጥፍራችን እድገት እንኳ ያንሳል። ግን በአንድ የ70 ዓመት አዛውንት ዕድሜ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። ይህን በገመድ ማን ሊያየው ይችላል? በተተከሉ የጂፒኤስ መሣሪያዎች ዓመት ከዓመት እየተለካ ታወቀ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የዘመናት እንቅስቃሴ በጥቂት ቀናት ይመጣል። በመስከረም 1998 በአፋር ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በሚነቅል መንቀጥቀጥ ተናወጠ፤ አመድም ወጣ። የአውሮፓ ሳተላይት ኢንቪሳት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ ያነሣቻቸው የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ ቀልጦ የወጣ ዓለት ከሥር ሰርጎ፣ መሬቱን እስከ ስምንት ሜትር ድረስ እንደከፈተው ታወቀ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ ከእነሱም መካከል ዶ/ር አታላይ አየለና ፕሮፌሰር ገዛኸኝ ይርጉ ይገኛሉ። ዘዴው አንድን ግድግዳ በሁለት የተለያዩ ቀናት ፎቶ አንሥቶ ስንጥቅ እንደ መፈለግ ነው። ሳተላይቷ የራዳር ሞገድ ትልካለች፤ መሬቱ በሴንቲ ሜትር እንኳ ቢነሣ ወይም ቢወርድ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ትንሽ ይዛባል፤ ያ መዛባት በቀለም ቀለበቶች ይሣላል።

በ2017 ታኅሣሥና ጥር ወር በፈንታሌና በዶፈን መካከል የተነሣውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። አዲስ አበባም ፎቅ ላይ ያሉ ሰዎች ሌሊት ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃ ወረዱ። በዚያን ጊዜም የአውሮፓ ሴንቲኔል-1 ሳተላይት ምስሎች ከመሬቱ ሥር ቅላጭ ዓለት በየት በኩል እየሰረገ እንደነበር አሳይተዋል። የትኛው ሰፈር ቅድሚያ ይውጣ ለሚለው ውሳኔ እንዲህ ያለ መረጃ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ለልጆቻችሁ አንድ ነገር በግልጽ ንገሯቸው። ሳተላይት መሬቱ የት እንዳበጠና የት እንደተከፈተ ያሳያል፤ መንቀጥቀጡ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይመጣል ብሎ የሚናገር ሳተላይት የለም። "ዛሬ ሌሊት በ8 ሰዓት ይመጣል" የሚል መልእክት በስልካችሁ ከደረሰ፣ ላኪው ማንም ይሁን ማን ውሸት ነው፤ ለሌላ አታስተላልፉት። ይልቅ ከመስኮትና ከተቆለለ ዕቃ መራቅን፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩን መያዝን ከልጆች ጋር ተለማመዱ።

ከልጆች ጋር ለመሥራት

ጠጠር የመበተኑን ሙከራ ማንም ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ስልክ፣ ወረቀትና አሥር ጠጠር ይበቃል። ልጆች "ስልኩ ያለው ሁሉ ትክክል ነው" ከሚለው እምነት የሚላቀቁት በምክር ሳይሆን በዓይናቸው ሲያዩ ነው።

ሁለተኛው የኤራቶስቴንስ ሥራ ነው፤ ዘመድ በሩቅ ላለው ቤተሰብ ይበልጥ ያምራል። ሚያዝያ 5 አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ አዲስ አበባ አናት ላይ ትቆማለች፤ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። በዚያው ሰዓት መቀሌ ያለች አያት ወይም አክስት አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋ ብታቆም ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ታገኛለች። ያ ማዕዘን አራት ዲግሪ ተኩል ነው፤ ከሙሉ ክብ 80ኛ ክፍል። አዲስ አበባና መቀሌ በሰሜን-ደቡብ አቅጣጫ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። 500 ጊዜ 80 ስንት ነው? 40,000! ልጁ በአንድ እንጨትና በአንድ የስልክ ጥሪ ምድርን ለካ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሥራ ግን ከልጆች ይልቅ የአያቶች ነው፤ ቶሎ መሠራት ያለበትም እሱ ነው። የወሰን ድንጋዩ የቱ ጋ እንደነበረ፣ ጅረቱ ከመዞሩ በፊት በየት ይወርድ እንደነበር፣ ያ ሸንተረር ለምን በዚያ ስም እንደተጠራ የሚያውቁት አያቶች ናቸው። በመጪው በዓል ስትሰበሰቡ አንዱ ልጅ ስልኩን ይክፈትና ድምፃቸውን ይቅረጽ፤ ሌላው ይጻፍ። አብራችሁ ማሳው ላይ ዙሩ። መስመሩን በሴንቲ ሜትር የሚያሰምረው መሣሪያ በማንኛውም ዓመት ሊመጣ ይችላል፤ መስመሩን በጣታቸው የሚያሳዩት ሰዎች ግን ሁልጊዜ አይኖሩም።